የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በሜሪላንድ፦ ሐኪሙን እመክራለሁ፣ የሒሳብ ክፍሉን ግን አልመክርም

ሁለቱንም መንጋጋዎቼን ያስተካከለልኝ ሐኪም እጁ የተባረከ ሰው ነው። ከዚህ በታች ብዙ ቅሬታ ስለምጽፍ ይህ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ቅሬታዬ ቢላዋ በያዘው ሰው ላይ አይደለም። ቅሬታዬ በሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል፣ በኢንሹራንስ ድርጅቱና ለታካሚ አስቀድመው ሊነገሩ ሲገባቸው በዝምታ በታለፉ ነገሮች ላይ ነው። የማንንም ስም አልጠራም። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራው ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ነው። ሕክምናው የተደረገልኝ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነው። በቤተ ክርስቲያንም በሥራ ቦታም «ስንት ፈጀብሽ? ያማል ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ የማውቀውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የታችኛው መንጋጋዬ ከላይኛው ቀድሞ የወጣ ነበር። የፊት ጥርሶቼ ስለማይገናኙ ዳቦ በፊት ጥርሴ ገምጬ አላውቅም፤ ሥጋ የማላምጠው በአንድ ጎን ብቻ ነበር። ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ጆሮዬ ሥር ያለው መገጣጠሚያ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይንቋቋ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት ራሴን እያመመኝ እነሣለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሕክምና ለቁንጅና የሚደረግ አድርጎ ያየዋል። መልክም አብሮ እንደሚለወጥ አልክድም፣ ደስም ብሎኛል። ነገር ግን «ለቁንጅና ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከሰው አልፎ የኢንሹራንስ ድርጅት ውሳኔ ላይ ሲደርስ፣ ልዩነቱ በአሥር ሺሕ ዶላሮች የሚቆጠር ይሆናል።

የእኔም የመጀመሪያ ጥያቄ ውድቅ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። የደረሰኝ ደብዳቤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ሕክምናው መልክን ለማሳመር የሚደረግ ስለሆነ አይሸፈንም ይላል። ከሐኪሙ ቢሮ የተላከውን ማመልከቻ ቅጂ ስጠይቅ፣ ልኬት የሌለበት አጭር ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። የአሜሪካ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው መመዘኛ አለ፤ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶችም የሚመረምሩት እሱን ወይም እሱን የመሰለ ዝርዝር ይዘው ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቀድመው ከወጡ፣ ወይም እንደኔ ልኬቱ ዜሮ ከሆነ አልያም ወደ ኋላ ከዞረ፣ ጉዳዩ የሕክምና ጉዳይ ነው። የእኔ በወቅቱ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ነበር። ይህ ቁጥር በማመልከቻው ላይ አልሰፈረም።

ይግባኙን ያዘጋጀነው ሐኪሙና እኔ ሆነን ነው። ልኬቱ፣ የራጅ ፊልሙ፣ ጥርሶቼ ሲገጥሙ የሚያሳየው ፎቶግራፍ፣ መገጣጠሚያውን ያየው ሐኪም ማስታወሻ፣ በምን ምክንያት ማላመጥ እንደሚያቅተኝ የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮ ተላከ። እኔም የትኛውን ምግብ መብላት እንደማልችል በራሴ ቃል ጽፌ ጨመርኩበት። ተፈቀደ። እዚህ አገር ኢንሹራንስ እምቢ ሲል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ድርጅቱ በይግባኙም እምቢ ካለ፣ በአራት ወር ውስጥ ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ መርማሪ እንዲያየው መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የእሱን ውሳኔ ድርጅቱ የመቀበል ግዴታ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። አንዳንድ አሠሪዎች የሚገዙት ኢንሹራንስ የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምናን ከነጭራሹ የማይሸፍን ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ በውሉ ውስጥ ካለ የትኛውም ልኬት አይረዳችሁም፤ ያላችሁ አማራጭ በምዝገባው ወቅት ወደሚሸፍን ኢንሹራንስ መቀየር ነው። ስልክ ስትደውሉ «የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ትሸፍናላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ሰው ስለ ጥርስ መንቀል ሊመስለው ይችላል። የሕክምናውን መለያ ቁጥር ስጡት። የላይኛው መንጋጋ በአንድ ቁራጭ የሚንቀሳቀስበት 21141 ነው፤ የታችኛው በሁለት ጎን ተሰንጥቆ በብሎን የሚታሰርበት 21196 ነው። የእናንተን ትክክለኛ ቁጥሮች የሐኪሙ ቢሮ ይሰጣችኋል። ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፉ። እኔ ይህን ሁሉ የያዝኩበት ሰማያዊ ደብተር ኋላ ላይ ከማንኛውም ጠበቃ በላይ ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ። ሂሳቡ አንድ ደረሰኝ ሆኖ አይመጣም። ሆስፒታሉ ለብቻው፣ ቀዶ ሐኪሙ ለብቻው፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ ለብቻው፣ ረዳት ሐኪሙ ለብቻው ይልካሉ። በእኔ ጉዳይ የሆስፒታሉ 34,000 ዶላር፣ የቀዶ ሐኪሙ 14,500፣ የማደንዘዣው 3,900 ነበር። ሜሪላንድ በዚህ ረገድ ከሌሎች ግዛቶች ትለያለች። የሆስፒታሎችን ዋጋ የሚወስነው እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመ የግዛቱ ኮሚሽን ነው፤ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም የሚጠየቀው በዚያው በተወሰነው ዋጋ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም፤ ስለዚህ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ሆስፒታል ሲመርጥ ይህን ያስብበት። የሐኪሞቹ ክፍያ ግን በኮሚሽኑ ቁጥጥር ሥር አይደለም፤ እሱን ለብቻው ጠይቁ።

ከዚህ ውስጥ ከኪሴ የወጣው 6,000 ዶላር ነው፤ ይህ የኢንሹራንሴ የዓመቱ ጣሪያ ነው። ጣሪያው ከሞላ በኋላ በዚያው ዓመት የሚደረግ የተሸፈነ ሕክምና ሁሉ ለታካሚው ነጻ ነው፤ ጥር አንድ ሲገባ ግን ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን በፈረንጆቹ የካቲት አስደረግኩ። የክትትሉም የአፍ መክፈቻ ልምምዱም ክፍያ በዚያው ዓመት ውስጥ ስለወደቀ አንድ ሳንቲም አልጨመርኩም። በኅዳር ያስደረገ ሰው ግን ለክትትሉ ከጥር ጀምሮ እንደ አዲስ ይከፍላል።

ሰው የሚረሳው ትልቅ ወጪ የጥርስ ማስተካከያ ሽቦው ነው። የሕክምና ኢንሹራንሴ ቀዶውን እንጂ ሽቦውን አልሸፈነም። ሽቦው 6,900 ዶላር ነበር፤ የጥርስ ኢንሹራንሴ በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን 1,500 ከፈለ፤ የቀረው 5,400 የእኔ ሆነ፣ በየወሩ ከፈልኩ። የታችኞቹን የመጨረሻ የኋላ ጥርሶች ከቀዶው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስነቀል ነበረብኝ፤ ለእሱ 900 ከፈልኩ። ስደምረው ከኪሴ የወጣው 12,300 ዶላር ነው። ኢንሹራንሱ ባይፈቅድ ኖሮ የቀዶ ሕክምናው ብቻ ከ50,000 ያልፍ ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ቀዶውን ካደረግኩ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ረዳት ሐኪም 4,200 ዶላር ጠየቀኝ። ከኢንሹራንሴ ጋር ውል የሌለው ሰው ነው። ማደንዘዣ ወስጄ ተኝቼ ሳለሁ ማን ከጎኔ እንደቆመ እንዴት ልመርጥ እችላለሁ? እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው ድንገተኛ ሂሳብን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ይህን በግልጽ ይመልሳል፤ ሆስፒታሉ ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል ካለው፣ ውል የሌላቸው የማደንዘዣ ሐኪምና ረዳት ቀዶ ሐኪም ከመደበኛው ድርሻችሁ በላይ ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። ለሒሳብ ክፍሉ ይህንኑ በስልክ አስረዳሁ፤ «እናያለን» ብለው ዘጉት፤ ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ድርጅት ሊተላለፍ ነው የሚል ነበር። ሕጉን ጠቅሼ፣ ከደብተሬ ቀኖቹንና ስሞቹን አውጥቼ በአደራ ደብዳቤ ላክሁ፤ ቅጂውን ለኢንሹራንሱም ለፌዴራሉ የቅሬታ ተቀባይም ሰጠሁ። ዕዳው ተሰረዘ። ይቅርታ ግን አልጠየቁኝም። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው እናት ይህ ደብዳቤ ቢደርሳቸው ከፍለው ዝም ይሉ ነበር፤ ይህን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ኢንሹራንስ የሌላችሁ፣ በተለይ ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ያው ሕግ ለእናንተም ይጠቅማል። ቀጠሮ ስትይዙ የዋጋ ግምት በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። በኋላ የመጣው ሂሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መቃወም ይቻላል።

ወደ ሕክምናው ልመለስ። ሽቦው ከቀዶው በፊት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ መልክ የሚብሰው እንጂ የሚሻሻለው አይደለም። ጥርሶቼ የመንጋጋዬን መጣመም ለመሸፈን ለዓመታት አዘንብለው ኖረዋል፤ ሽቦው ቀጥ ሲያደርጋቸው እውነተኛው ክፍተት ወጣ። 5 ሚሊ ሜትር የነበረው 8 ሆነ። እንግዳ ሲመጣ አፌን በእጄ ሸፍኜ የማናግርበት ወቅት ነበር። ይህ እንደሚመጣ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥኩም።

ሐኪሙን የወደድኩት በዚህ ነው። የፊቴን አጥንት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ አሳይቶ፣ የላይኛውን 6 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ የታችኛውን 4 ወደ ኋላ እንደሚወስድ በጣቱ እያመለከተ አስረዳኝ። የላይኛው የሚቆረጥበት መስመር የሚጠራው በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በሬኔ ለፎር ስም ነው፤ ሰውየው የፊት አጥንት የሚሰበርባቸውን መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1901 ጽፎ ያቆየ ነው። ቁስሉ በሙሉ በአፍ ውስጥ ስለሆነ ፊቴ ላይ የሚታይ ጠባሳ የለም። አጥንቱን የሚያስሩት ትንንሽ የቲታኒየም ብረቶችና ብሎኖች ችግር ካላመጡ በስተቀር እዚያው ይቀራሉ። ቀጥሎ ወረቀት አውጥቶ አደጋውን ነገረኝ። በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ የታችኛው ከንፈርና አገጭ የሚሰማቸው በእሱ ነው። ከቀዶው በኋላ መደንዘዝ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው በወራት ውስጥ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ከፊሉ ለዘለቄታው ይቀራል፤ ዕድሜ በገፋ መጠን ዕድሉ ይጨምራል። «ይህን ሳትቀበዪ አትፈርሚ» አለኝ። ቤት ሄጄ አስቤበት ተመለስኩና ፈረምኩ።

ከማደንዘዣው ስነቃ ያስቸገረኝ ሕመም አልነበረም። አፍንጫዬ በደረቀ ደም ተደፍኗል፤ ጥርሶቼ በትንንሽ ላስቲኮች ተያይዘዋል፤ ጉሮሮዬ ቱቦው ካለፈበት ቆስሏል። በአፍ መተንፈስ ይቻላል፣ ግን አእምሮ ቶሎ አያምነውም። ነርሷ መቀስ በክር አስራ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቀለች፤ ማስመለስ ከመጣብኝ ላስቲኩ የሚቆረጥበት ነው። ቤት ስሄድም መቀሱ አብሮኝ ሄደ። አብራኝ የነበረችው ታላቅ እህቴ እንግሊዝኛዋ ብዙም ስላይደለ አስተርጓሚ ጠየቅን፤ በቪዲዮ የቀረበው ሰው «እትዬ፣ አይጨነቁ፣ አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ» ብሎ የመድኃኒቱን ሰዓት ሁሉ አስረዳት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚን በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።

እብጠቱ የሚከፋው በሦስተኛው ቀን ገደማ ነው። ዓይኔ ሥር ድረስ አብጦ፣ መስታወት ውስጥ ያየሁት ፊት የእኔ አልመስል አለኝ። ለመተኛት ትራስ ደራርቦ ቀና ማለት ያስፈልጋል። አፍንጫ መናፈጥ አይፈቀድም፤ በመምጠጫ መጠጣትም አይፈቀድም።

ሆስፒታሉ የሰጠኝ የምግብ ወረቀት ላይ የዶሮ መረቅ፣ ፑዲንግና የጣሳ ወተት ብቻ ነበር። በዚያ ብቻ ብቆይ አልነሣም ነበር። እህቴ የአጃ አጥሚት አቅጥና፣ በወንፊት ሁለቴ አጥልላ፣ መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ ጫፉ ላይ ለስላሳ ቱቦ ሰክታ በጉንጬና በጥርሴ መካከል ታስገባልኝ ነበር። ቀስ ብላ ትገፋለች፣ እኔ እውጣለሁ፣ ከአገጬ የሚወርደውን ታብስልኛለች፤ የሚወርድ ነገር መኖሩን የማውቀው ፎጣው ሲርስ ነበር። ክክ ምስር ያለ በርበሬ ቀቅላ በብሌንደር ፈጭታ አጠለለች፤ ነጭ ሽሮ እንደ ውሃ አቀጠነች። የሕመም ማስታገሻው ሆድ ያደርቃል፤ ለዚህ ተልባ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም፣ ግን ፍሬው ስፌቱ ውስጥ እንዳይገባ በደንብ ይጥለል። በርበሬና ሎሚ ቁስሉ እስኪድን ድረስ አይሞከርም። ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች «እግዚአብሔር ይማርሽ» እያሉ ዳቦና ዶሮ ወጥ ያመጣሉ፤ እባካችሁ ወተት፣ አቮካዶና የተጠለለ ሾርባ አምጡ።

ማላመጥ የሚከለከለው ስድስት ሳምንት ያህል ነው። እንጀራ ለስላሳ ስለሚመስል ብዙዎች ቶሎ ይሞክሩታል፤ ሐኪሜ ግን ዝርዝሩ ውስጥ እንድጨምረው ያደረገው መጨረሻ ላይ ነው። ፈቃዱ ሲሰጠኝ በመረቅ የራሰ ፍርፍር በሻይ ማንኪያ በላሁ። አፌ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም ነበር። ለዚህ የሚሰጠው ልምምድ ቀላል ነው፦ ሐኪም ምላስ የሚጫንባቸውን ጠፍጣፋ እንጨቶች ደራርቦ በጥርሶች መካከል ማስገባት፣ መያዝ፣ ሲለምድ አንድ እንጨት መጨመር። ያሰለቻል፤ ግን ያለ እሱ አፍ አይከፈትም።

ሥራዬ ሰው ማናገር ስለሆነ ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። በዋሽንግተን የምትሠሩ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ብትኖሩም፣ የከተማው የተከፈለ ፈቃድ ይመለከታችኋል፤ ለራስ ሕመም እስከ 12 ሳምንት ይደርሳል። ማመልከቻውን የሐኪሙ ቢሮ የሚሞላው ክፍል ስላለ ከቀዶው በፊት ስጧቸው። ሜሪላንድ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ የፌዴራሉን ያለ ክፍያ ፈቃድ አሠሪያችሁን ጠይቁ።

አሁን ዳቦ በፊት ጥርሴ እገምጣለሁ። ጆሮዬ ሥር የነበረው መንቋቋት ቀንሷል፣ የጠዋቱ ራስ ምታት ጠፍቷል። ከታችኛው ከንፈሬ በስተግራ አንድ የሣንቲም ያህል ቦታ አሁንም ደንዝዟል፤ ሊፕስቲክ ስቀባ ይታወቀኛል። ሐኪሙ ከቀዶው በኋላ በነበረው ቅዳሜ ራሱ ደውሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቆኛል። ለእሱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ለነርሶቹም እንዲሁ።

ለሒሳብ ክፍሉ የማልሰጠው ነጥብ ግን ከረዳቱ ሐኪም ሂሳብ በላይ አንድ ምክንያት አለው። ሆስፒታሉ ለትርፍ የማይሠራ ስለሆነ የገንዘብ እርዳታ መርሐ ግብር ሊኖረው በሕግ ተገድዷል፤ በሜሪላንድ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 200 በመቶ በታች የሆኑ ሰዎች አስፈላጊውን የሆስፒታል ሕክምና በነጻ ያገኛሉ፤ ከዚያ በላይ ላሉትም ቅናሽ አለ። ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የተሰበረ መንጋጋዋን እዚያው ታክማ፣ ኢንሹራንስ ሳይኖራት ሂሳቡን በየወሩ እየቆራረጠች ትከፍል ነበር። ስለዚህ መርሐ ግብር ያነሣላት ሰው አልነበረም። ማመልከት የሚቻለው የመጀመሪያው ሂሳብ ከወጣበት ቀን ጀምሮ እስከ 240 ቀን ነው፤ አብረን ሄደን ሞላን፣ ቀሪው ዕዳዋ ተነሣላት። ቅጹ በአማርኛም ነበረ። በሒሳብ ክፍሉ መስኮት ላይ አልተቀመጠም፤ ያገኘነው በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ነው። ስትሄዱ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ደረሰኝና ያለፈውን ዓመት የግብር ማስታወቂያ ያዙ፤ ያስገባችሁትንም ቅጽ ቀን ያለበት ማኅተም አስመትታችሁ ቅጂውን ተቀበሉ።